ከሞተሩ ጀርባ ያለችው ሕዋስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ቆቃን አልፎ ዓለም ጤናን ተሻግሮ መቂ እስኪገባ ድረስ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል መውረዱን፣ ጆሮው ካልተደፈነበትና ሙቀቱ ኮቱን ካላስወለቀው በቀር፣ እምብዛም አያስተውለውም፤ የዱሮ መኪና ግን ፈጥና ታስተውለው ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነውና፣ በዚያ ስስ አየር ልክ ካርቡራተሯ የተስተካከለላት መኪና ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዳ ወፈር ያለውን ነፋስ መሳብ ስትጀምር ቤንዚኑ ያንሳትና ታስነጥስ ነበር፤ መቂ ላይ ተስተካክላ ወደ ደጋው የወጣችው ደግሞ በአንጻሩ ቤንዚን በዝቶባት፣ ጥቁር ጢስ እየተፋችና ባለቤቷን እያስረገመች ቃሊቲ ትደርሳለች። ይህ የነፋስና የእሳት አለመስማማት ነበር አጎቴን መቂ ላይ አስቀምጦ ለብዙ ዘመን እንጀራ ያበላቸው።

አጎቴ፣ እኛ የእኅታቸው ልጆች ጋሼ የምንላቸው፣ በልጅነታቸው ቡልጋ ውስጥ ዳዊት ደግመውና ዲቁና ተቀብለው ዜማ ቤት እንደ ገቡ፣ ምን እንዳስከፋቸው ለማንም ሳይነግሩ ወደ ናዝሬት ወረዱ። እዚያ በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጥረው ጥቂት ከተንከራተቱ በኋላ፣ ሙያውን ከጣሊያኖች እጅ ከቀሰሙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ቁልፍ አቀባይ ሆኑ፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካቻቢቴ የሚሉትንም ስሞች ከዳዊቱ ቀጥለው በቃላቸው የያዟቸው ያን ጊዜ ነው። መቂ የገቡት የመቂን ወንዝና የዝዋይን ሐይቅ ውሃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ እየበዛ በሄደበት ወቅት ስለነበር፣ ከመኪናው ይልቅ በጋሪ ተጭኖ የሚመጣው የውሃ ሞተር ደጃቸውን አጣቦት ይውል ነበር፤ የውሃ ሞተር ባለቤት ደግሞ ችግኙ በፀሐይ እየጠወለገበት ቆሞ የሚያስጠግን ስለሆነ፣ ነገ ና ተብሎ የሚሸኝ ደንበኛ አይደለም። እንዲህ ያለው ጥድፊያ ይመስለኛል ጋሼን መሣሪያ ከመፈለግ ይልቅ በጆሮና በአፍንጫ መፍረድን ያስለመዳቸው።

አፈራረዳቸውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ ኮፈኑን ከፍተው፣ በአንድ እጃቸው ካቻቢቴውን በካርቡራተሩ ብሎን ላይ አሳርፈው፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያም ብሎኗን እንደ መዳሰስ ያህል ብቻ ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ ሞተሩ ትንፋሹን የሚሰበስብበትን ነጥብ ሲያገኙ እጃቸውን ያነሣሉ። ቀጥለው ወደ ማርሚታው ጫፍ ሄደው ጎንበስ ብለው ጢሱን በመዳፋቸው ወደ አፍንጫቸው ይመልሱታል። በመጨረሻም ካንዴላ አስፈትተው ቀለሟን ያያሉ፤ ነጥታ ከወጣች ቤንዚኑ አንሷል፣ ጥላሸት ለብሳ ከወጣች በዝቷል፣ የቡና ገለባ መስላ ከወጣች ግን ሒሳባቸውን ይጠይቃሉ።

ቤተ ክርስቲያናችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተፈጠረ፣ ነፍሱም ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት እንደ ሆነች ታስተምራለችና፣ ጋሼ ይህን ከዲቁናቸው ዘመን የተረፈ ትምህርት ያለ አንዳች ፍርሃት ለሞተር ተርጉመውት ነበር፦ ብረቱ መሬት፣ በራዲያተሩ የሚዘዋወረው ውሃ፣ በማጣሪያው የሚገባው ነፋስ፣ ካንዴላዋ የምትጭረው እሳት። ነፍስ ግን የለውም፤ ማሰቡም መናገሩም የመካኒኩ ፈንታ ነው ይሉ ነበር። ይህን ንግግር አንድ ጎረቤት ቄስ ሰምተው ድፍረት ነው ብለው ገሥጸዋቸው ነበር፤ የገዛ ልጃቸው ሞተር ብስክሌት በቆመች ዕለት ግን ምሥጢሩ መልቶና ሰፍቶ ሲብራራላቸው በትዕግሥት አዳምጠዋል።

ካርቡራተር የሌላቸው፣ ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጩ መኪኖች ወደ መቂ መዝለቅ ሲጀምሩ፣ ጋሼ በመጀመሪያ እንደ እንግዳ ሃይማኖት ነው የተቀበሏቸው፤ አልተሳደቡም፣ አልተጠጉምም። ኋላ ግን የሽንኩርት ዋጋ መልካም በሆነበት አንድ ዓመት፣ ገበሬው የቆየ ዕዳውን ሲከፍላቸው፣ በጅቡቲ የገባች ያገለገለች የጃፓን ሥሪት የቤት መኪና ገዙ፤ ገዝተውም ኮፈኗን ሳይከፍቱ ብዙ ጊዜ ነዷት። ከመቂ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ መቂ ስትመላለስ ዳገት ቁልቁለቱ ከምንም የማይቈጠርባት መሆኗ ይገርማቸው ነበር። ማን እያስተካከለላት ነው? እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም በዚያን ጊዜ የምሰጣቸው በቂ መልስ አልነበረኝም።

በ2006 ዓ.ም. በጋ ላይ ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው የሞተር ሥዕል ያላት ቢጫ መብራት በራች፤ አልጠፋም አለች። ጥቂት እንደ ቆየም መኪናዋ ቤንዚን መጠጣት ጀመረች፤ ከመቂ ናዝሬት ደርሳ የምትመለስበት ነዳጅ ለመሄጃው ብቻ ሆነ። ጋሼ ማርሚታዋን አሽትተው፣ ካንዴላዋን አስፈትተው አይተው፣ ያለ ማንም ረዳት በሽታውን ተናገሩ፦ ቤንዚን በዝቶባታል። ፍርዳቸው ትክክል ነበር፤ ዳሩ ግን የሚዞር ብሎን የለም። አንድ ሐኪም በሽታውን አውቆ መድኃኒቱን የሚሰጥበት አፍ ሲያጣ ምን እንደሚሰማው ያን ዕለት ከፊታቸው አነበብሁ።

አዳማ፣ ያችው ናዝሬት፣ ወስደን ኮምፒውተር አስደረግናት። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ አንድ ኤሌክትሪሺያን ከመሪው ሥር ካለችው ሶኬት ላይ መሣሪያውን ሰክቶ ሲጠብቅ፣ በመስኮቱ ላይ ፒ 0135 የሚል ምልክት ወጣ፤ ትርጉሙም በመጀመሪያዋ ኦክስጅን ሴንሰር ውስጥ ባለው ማሞቂያ ኤሌክትሪኩ አልተላለፈም ማለት ነው። ጋሼ መሣሪያውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ "ለባዊት ናት ሲሉኝ ሰምቼ ነበር፤ ለካ ነባቢትም ናት!" አሉ። ልጁ ምን እንደ ተባለ አልገባውም፤ ብቻ ፈገግ አለ።

ይህች ሴንሰር ምን እንደ ሆነች በዚያ ሰሞን ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁት ለጋሼም ያስረዳኋቸው እንዲህ ነው። ከዚርኮንየም ኦክሳይድ የተሠራች፣ በስሱ ፕላቲን የተቀባች፣ በብረት ሽፋን ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ የሸክላ ጣት ናት፤ በውስጧ የውጭው ንጹሕ አየር አለ፣ በውጭዋ ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ ያልፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነትም በሸክላው በኩል ኤሌክትሪክ ይወልዳል። ቤንዚኑ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይጠጋል፣ ነፋሱ ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩም ይህን እያየ፣ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርሰው፣ የሚረጨውን ያለ ዕረፍት ይጨምራል ይቀንሳል። ነገር ግን ሸክላዋ የሙቀት መጠኗ ከ300 ዲግሪ ካልበለጠ አትናገርም፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲነሣ ቶሎ የሚያግላት ማሞቂያ በውስጧ ተደርጎላታል። ማሞቂያው ሲቃጠል ሴንሰሯ ዘግይታ ትነቃለች፤ ኮምፒውተሩም ምስክር ስላጣ፣ ለጥንቃቄ ሲል ቤንዚኑን አብዝቶ ያፈሳል።

የዚህ ጥበብ ሥር የጀርመኑ የኬሚስትሪ ሊቅ ዋልተር ኔርንስት ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1920 የኖቤልን ሽልማት ያገኘና፣ ከዚያ በፊትም ይህንኑ የሸክላ ዘር አግሎ መብራት የሠራ ሰው ነው። በመኪና ላይ ግን ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሠርቷት በስዊድኑ ቮልቮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ምክንያቱም የካሊፎርኒያ ሰዎች የአየራቸው መቆሸሽ አስመርሯቸው ጥብቅ ሕግ ስላወጡ ነበር። ያን ጊዜ ወደ እኛ አገር ብትመጣ ኖሮ በሕይወት አትቆይም ነበር፤ እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ይገድላታልና፤ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ደግሞ ያን ቤንዚን ጨርሰው የተዉት እ.ኤ.አ. በ2006 መባቻ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በዝምታ ሰምተው ሲያበቁ የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ስለዚህ አፍንጫ ናት።" ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልሰጧትም።

ዕቃዋን ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አስመጣናት። ከተፈታ መኪና የወጣች በርካሽ ትገኝ ነበር፤ ጋሼ ግን፣ ጨርቅ ሳይቀር ያገለገለ የሚገዙት ሰው፣ "ያገለገለ አፍንጫስ አልገዛም!" ብለው አዲሷን አስገዙ። ለመግጠሚያው አዳማ ላይ የተጠየቅነው የእጅ ዋጋ ከዕቃው የሚበልጥ ስለነበርና፣ ምክንያቱም የጢሱ መውጫ ኮለተር ካልወረደ አትደረስም የሚል ስለሆነ፣ ጋሼ እኔ ቤቴ አደርጋታለሁ አሉ።

አትደረስም የተባለው ግን ሐሰት አልነበረም። ሞተሩ በአግድሙ የተጋደመ ሆኖ፣ የጢሱ መውጫ ወደ ኋላ፣ ማለት ተሳፋሪውን ከሞተሩ ወደሚለየው የብረት ግድግዳ የዞረ ነው፤ ሴንሰሯ የታሰረችው በዚያ ጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከላይ ሲያዩ የምትታየው ሽቦዋ ብቻ ናት፤ ከታች ሲገቡ ደግሞ የመሪው ዘንግ ይጋርዳታል። በጃፓን የፋብሪካ ሠራተኛ ሞተሩ ወደ መኪናው ሳይገባ፣ ገና በግልጥ ቆሞ ሳለ በሁለት ጣቱ ያስራትና ያልፋል፤ አንድ ቀን መቂ ላይ በግራር ጥላ ሥር የሚፈታት ሰው እንደሚኖር በሐሳቡ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ እንዲያውም ጥቂት ለወቀሳ ነው።

ጋሼ ሥራውን ከዋዜማው ጀመሩት። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ደባልቀው፣ የዶሮ ላባ በረዥም ሽቦ ጫፍ አስረው፣ እያጠቀሱ በጭፍኑ የሴንሰሯን አንገት ዙሪያ ቀቡት። ቁልፏ 22 ናት፤ ሽቦዋ ግን ከአናቷ ስለሚወጣ ተራ ቡሰላ አይገባላትም፤ ስለዚህ አንድ አሮጌ 22 ቡሰላ ወደ ብየዳ ቤት ተልኮ ጎኑ በግራይንደር ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ሲጠበቅ እንዳይከፈትም በወገቡ ላይ የብረት ቀለበት እንዲበየድለት ያዘዙት ራሳቸው ጋሼ ናቸው። የአሮጌዋን ሽቦ ቆርጦ በቀለበት ቁልፍ መፍታት ይቀል እንደነበር አውቃለሁ፤ እርሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን አዲሷስ በምን ትታሰራለች? አሉኝ።

በማግስቱ የባትሪው ነጋቲቭ ተነሣ፣ የአየር ማጣሪያው ቤት ወረደ፣ ቦታው ትንሽ ሰፋ። የጋሼ ክንድ ግን እስከ ክርኑ እንኳ አልገባም፤ የእኔ ገባ፣ ገብቶም አንጓው ሊዞር አልቻለም። ብዙ ከታገልን በኋላ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጃቸው ደብተሯን ይዛ በረንዳ ላይ እንደ ተቀመጠች፣ "አባዬ፣ እኔ ልሞክር?" አለች። እናቷ ቀሚሷ እንዳይበላሽ ብለው የጋሼን ቱታ አለበሷት፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፎም ረዘመባት። የቀጭን ልጃገረድ ክንድ ያለ ምንም ችግር ወረደ። እኔ ከእናቷ ቦርሳ የወጣች ትንሽ መስታወት በእንጨት ጫፍ አስሬ ከጎን ይዤላት ነበር፤ እርሷ ግን መስታወቱ ግራ ቀኙን ስለሚያገለብጥባት ትታው በጣቷ ብቻ ትፈልግ ጀመር።

"ገባልኝ፤ አሁን ልግፋው?"

"ግፊው።"

አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። "አባዬ፣ ዞረ!"

"የዞረው ቁልፉ ነው ወይስ እርሷ ናት?"

"እኔ እንጃ! አይታየኝም እኮ።"

ጋሼ በካርቡራተሩ ዘመን ያደርጉት እንደነበረው ዐይናቸውን ጨፈኑ። "ቁልፉ ነው፤ አውጪውና መልሰሽ እስከ ታች ድረስ አግቢው" አሉ። እኔ ከድምፁ ምንም ልዩነት አልያዝሁም ነበር። እንደ ገና ገፋችው፤ አሁን የተሰማው ግን ከውስጥ የመጣ፣ ወፍራምና ረዘም ያለ ነበር፤ ከግድግዳው ብረት ይልቅ ከሞተሩ አካል የወጣ ይመስል ነበር። ጋሼ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ "እርሷ ናት። አሁን አትቸኩዪ፤ ግማሽ ዙር ስትፈቺ ሩብ ዙር መልሺ፤ ጥርሱን እንዳትበዪው" አሉ። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ እያለ፣ ዘይቱን እየጠጣ፣ ቀስ በቀስ ለቀቀ። የወጣችው ሴንሰር ጫፏ እንደ ተፈራው በጥላሸት የጠቈረ ነበር፤ በቴስተር ስንለካት የማሞቂያዋ ሁለት ነጭ ሽቦዎች ፈጽሞ አይገናኙም።

አዲሷን ማስገባት አላስቸገረም፤ ብቻ ጋሼ ጫፏ በማንም እጅ እንዳይነካ፣ በጥርሷ ላይ ተቀብቶ የመጣው ግራጫ ቅባትም እንዳይጠረግ አዘዙ፤ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በቁልፍ ሳይሆን በጣት ብቻ አስገቡ። ሽቦዋም የጋለውን ብረት እንዳትነካ በቦታዋ ተያዘች። ባትሪው ተመልሶ ሞተሩ ሲነሣ ቢጫዋ መብራት ለአፍታ በራችና ጠፋች። ጋሼ ወደ ማርሚታው ሄደው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ አሉ፣ ጢሱን በመዳፋቸው መለሱት፣ ጥቂት ቆዩ፣ ደግሞም አሸተቱ። "ምንም አይሸትም" አሉ፤ አባባላቸው ምስጋና ይሁን ቅሬታ ዛሬም አልለየሁትም።

በዚያ ዘመን እንደ እኔ ያሉ ወጣቶች ኮምፒውተር የመጣበት ሙያ የአሮጌውን መካኒክ ጥበብ ጨርሶ የሻረ ይመስላቸው ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እንዲያው በምሬት ይህንኑ ያጸኑ ነበር። እኔ ያን ቀን ያየሁት የተለየ ነው። ሸክላዋ የተረከበችው የአፍንጫቸውን ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱንም ከእርሳቸው በላቀ ሁኔታ፣ ያለ ዕረፍት፣ በዳገትም በቁልቁለትም ታከናውነዋለች። ብረት ከብረት ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ከሚንሸራተት ቁልፍ ድምፅ የሚለይ ጆሮ ግን ከፋብሪካው አልመጣልንም፤ ያለ እርሱም ብሎኗ ተበልታ ኮለተሩ መውረዱ አይቀርም ነበር።

አሁን ነገሩ ሁሉ ወደ ሌላ ምዕራፍ ዞሯል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በሞጆና በመቂ መካከል ባለው 56 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ ላይ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ሄደዋል። ጋሼ ከእነዚህ አንዷን ለመጀመሪያ ጊዜ በደጃቸው ቆማ ሲያዩ ዞረው ዞረው ማርሚታዋን ፈለጉና ባጡት ጊዜ፣ "ነፋስ አትስብም፣ እሳትም የላትም፤ ከአራቱ ሁለቱ ጎደሉባት" አሉ። አፍንጫ እንደማያስፈልጋት ሲነገራቸውም አልተከፉም፤ ፍሬኗንና ጎማዋን አይተው፣ የመቂ አቧራ እነዚህን እንደማይምርላት ለባለቤቱ አስጠነቀቁት።

ልጃቸው መካኒክ አልሆነችም፤ ዛሬ አዳማ ላይ በአንድ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ያቺ የተሰነጠቀች ቡሰላ ግን በከተማው መካኒኮች ዘንድ ስም አውጥታ፣ ከዓለም ጤናም ከዝዋይም ሰው እየመጣ ይዋሳት ነበር፤ ጋሼም መታወቂያ ሳያስይዙ አይሰጧትም ነበር። ባለፈው ጊዜ አንድ የዝዋይ ልጅ መታወቂያውን ትቶ ወስዷት ሳይመለስ ቀረ። ጋሼ መታወቂያውን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ ወደ ዝዋይ የሚወርድ ሚኒባስ ባገኙ ቁጥር ፎቶግራፉን ለሹፌሩ እያሳዩ፣ "ይህን ልጅ ካየኸው ዕቃዬን ይመልስ በልልኝ" ይላሉ። አንዱ ሹፌር፣ "ጋሼ፣ ይኼኔ አዲስ መታወቂያ አውጥቶ ይሆናል እኮ" ቢላቸው፣ "መታወቂያስ ያውጣ፤ ቡሰላውን ግን ከየትኛው ቀበሌ ሊያወጣ ነው?" አሉት።